የግድ ነው ወይስ ሊሆን ይችላል? ስለ ዲዳክቲቭና ኢንዳክቲቭ አስተሳሰብ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች የመጡት ከተማሪ፣ ከነጋዴ፣ ከጤና ባለሙያና ከመምህር ነው። ሁሉም የሚያነሡት ግን አንድ ጉዳይ ነው፤ ከምናውቀው ተነሥተን ወደማናውቀው ስንሻገር መርገጫችን ምን ያህል የጸና ነው? በመልሶቻችን ውስጥ «መነሻ» የምንለው ሙግቱ የሚጀምርበትን ሐሳብ ነው፤ «ድምዳሜ» የምንለው ደግሞ የሚያርፍበትን። ድምዳሜውን የግድ ለማድረግ የሚነሣ ሙግት ዲዳክቲቭ (ዲዳክሽን)፣ ሊሆን የሚችል ለማድረግ ብቻ የሚነሣ ደግሞ ኢንዳክቲቭ (ኢንዳክሽን) ነው።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዲዳክቲቭ ከአጠቃላይ ወደ ዝርዝር፣ ኢንዳክቲቭ ከዝርዝር ወደ አጠቃላይ ይሄዳል ብዬ አጥንቼ ነበር። በሎጂክ ፈተና ላይ ግን በዚህ መለያ የሠራኋቸው ሁለት ጥያቄዎች ተሳሳቱብኝ። መለያው ትክክል አይደለም ማለት ነው? (ከጅማ)

መልስ፦ መለያው ብዙ ጊዜ ይሠራል። ክፋቱ፣ በማይሠራበት ቦታ ላይ ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ጥሎ መሄዱ ነው። ከራሳችን የዘመን አቆጣጠር እንነሣ። መስከረም 30 ቀን ነው፣ ጥቅምት 30 ቀን ነው እያልን እስከ ነሐሴ 12ቱን ወራት እንቆጥራለን፤ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ናት፤ ከእነዚህ ሌላ ወር የለም። ስለዚህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ30 ቀን የሚበልጥ ወር የለም። የተነሣነው ከዝርዝር ነው፣ ያረፍነው አጠቃላይ ላይ ነው፤ ሙግቱ ግን ዲዳክቲቭ ነው። ወራቱ አንድ በአንድ ተቆጥረው ስላለቁ ድምዳሜው የሚያመልጥበት ቀዳዳ የለም።

አሁን ደግሞ ይህን ይዩ፦ «ይህ አውቶቡስ ባለፉት 20 ቀናት ሁሉ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ወጥቷል፤ ነገም 1 ሰዓት ላይ ይወጣል።» እዚህ ላይ አጠቃላይ የሚባል ድምዳሜ የለም፤ ያረፍነው አንዲት ነገ ላይ ነው። ሙግቱ ግን ኢንዳክቲቭ ነው።

እንግዲህ ልዩነቱ ያለው በጉዞው አቅጣጫ ሳይሆን መነሻው ለድምዳሜው በሚሰጠው ዋስትና ላይ ነው። በፈተና ላይ እንዲህ ያድርጉ። በመጀመሪያ መነሻዎቹን ሁሉ፣ ቢያምኑባቸውም ባያምኑባቸውም፣ እውነት ናቸው ብለው ይቀበሉ። ከዚያ መነሻዎቹን ሳይነኩ ድምዳሜው ብቻ ሐሰት የሚሆንበትን ሁኔታ ለመፍጠር ይሞክሩ። የፈለገውን ያህል እንግዳ ይሁን፣ ሊሆን የሚችል እስከሆነ ድረስ ይቆጠራል። አውቶቡሱ ዛሬ ማታ ጎማው ሊፈነዳ ይችላል፤ ያለፉት 20 ቀናት ግን እንዳሉ ናቸው። ስለዚህ ድምዳሜው የግድ አይደለም። የወራቱን ሙግት ግን ምንም ቢጥሩ እንዲህ ሊያደርጉት አይችሉም።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ቃላት ናቸው፤ ሰው «የግድ» ስላለ ሙግቱ የጸና አይሆንም፣ «ምናልባት» ስላለም አይላላም። ሁለተኛው የዲዳክቲቭ መልክ ይዞ የማይጸና ሙግት ነው። «ዝናብ ከዘነበ መሬቱ ይረጥባል፤ መሬቱ ረጥቧል፤ ስለዚህ ዘንቧል» የሚለው ሙግት ቧንቧ ሊፈነዳ እንደሚችል ይዘነጋል። እንዲህ ያለው ሙግት ቅርጹ የተበላሸ ዲዳክቲቭ ይባላል እንጂ ፈተናውን ስለወደቀ ብቻ ወደ ኢንዳክቲቭ አይዛወርም።

በክፍል ውስጥ «ቫሊድ» እና «ሳውንድ» የሚባሉትንም አያደባልቁ። «ወፍ ሁሉ ይበርራል፤ ሰጎን ወፍ ናት፤ ስለዚህ ሰጎን ትበርራለች» ቫሊድ ነው፣ ቅርጹ አንዳች ጉድለት የለበትም። ሳውንድ ግን አይደለም፣ የመጀመሪያው መነሻ ሐሰት ነውና። ዲዳክሽን የተሰጠውን እውነት ሳያፈስስ ያደርሳል፤ የተሰጠውን ሐሰትም እንዲሁ ሳያፈስስ ያደርሳል።

ጥያቄ፦ ባሕረ ሐሳብ (የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማውጫው ስሌት) የትኛው ነው? ዲዳክቲቭ ነው የሚሉ አሉ፣ ከሰማይ ምልከታ የመጣ ስለሆነ ኢንዳክቲቭ ነው የሚሉም አሉ። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ሁለቱም ወገኖች የሚያዩት ነገር አለ፤ የሚያዩት ግን የተለያየ ክፍሉን ነው። ስሌቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዲዳክቲቭ ነው፤ የ2018 ዓ.ም.ን ፋሲካ አውጥተን እናሳይ።

5500 ዓመተ ፍዳና 2018 ዓመተ ምሕረት ሲደመሩ ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ይህን ለ19 ስናካፍል 395 ጊዜ ደርሶ 13 ይተርፋል። አንዱን ለዘመኑ ትተን 12 ይቀራል፤ ይህ ወንበር ነው። ወንበሩን በ11 ስናበዛ 132፣ በ30 በ30 ስንገድፍ (30 30 ስንቀንስ) 12፤ አበቅቴ (የጨረቃን ዕድሜ የሚነግረው ቁጥር) 12 ሆነ። ወንበሩን በ19 ስናበዛ 228፣ በ30 ስንገድፍ 18፤ መጥቅዕ 18 ሆነ። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 ይመጣሉ፤ 12 እና 18 ስለሆኑ እስካሁን አልተሳሳትንም።

መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ይውላል፤ ቢያንስ ኖሮ በጥቅምት ይሆን ነበር። የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ስለሆነ መስከረም 18 እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ (ለዕለቱ የተመደበው ተጨማሪ ቁጥር) 7 ነው (የቅዳሜ 8፣ የሰኞ 6፣ የማክሰኞ 5፣ የረቡዕ 4፣ የሐሙስ 3፣ የዓርብ 2)። 18 እና 7 ሲደመሩ 25፤ መባጃ ሐመር ይህ ነው። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ትገባለች። የፋሲካ ተውሳክ 9 ነው፤ 25 እና 9 ሲደመሩ 34፣ 30 ሲገደፍ 4፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4።

በዚህ መንገድ ላይ «ምናልባት» የሚባል ነገር የለም። ደንቡን የተቀበለ ሰው ሁሉ፣ ጎንደር ቢቀመጥ ኢየሩሳሌም ወይም ዋሽንግተን፣ እዚያው ቀን ላይ ይደርሳል። ሲሳሳቱ የሚሳሳቱት ብዙ ጊዜ የመስከረም 1ን ዕለት ሲያዛቡ ነው፤ ጳጉሜን 6 የሆነችበትን ዓመት የዘነጋ ሰው ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ ይዛባበታል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ጾመ ነነዌ ሰኞ ላይ ካላረፈች አንድ ቦታ ስታችኋል።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን እንምጣ። 19 ከየት መጣ? ጨረቃ በ19 ዓመት ውስጥ 235 ጊዜ እንደምትታደስ ያወቁት ለትውልድ ሰማይ ሲያዩና ሲጽፉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። የአቴናው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሜቶን ይህን ዑደት ይፋ ያደረገው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ሲሆን፣ ባቢሎናውያንም ይሠሩበት ነበር። ይህ ከብዙ ምልከታ የተሰበሰበ፣ እውነተኛ ኢንዳክሽን ነው። እንደማንኛውም ኢንዳክሽን ደግሞ በጣም ይቀርባል እንጂ ልክ አይደለም። 19 ዓመት፣ ዓመቱን በአማካይ 365.25 ቀን ይዘን፣ 6939.75 ቀን ነው፤ 235 የጨረቃ ወራት ግን 6939.69 ቀን ገደማ ናቸው። ልዩነቱ በአንድ ዑደት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሞላል።

በዓሉን የሚወስነው ሥርዓቱ ስለሆነ ቀኑ ተሳሳተ አይባልም፤ ሚያዝያ 4 በደንቡ ትክክል ነው። ነገር ግን አበቅቴውን ይዞ «ዛሬ ጨረቃ የስንት ቀን ናት?» ብሎ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው የተጠራቀመው ልዩነት ይታየዋል። የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢደመርና ቢገደፍ ስሌቱ ይህን ልዩነት አያርመውም። ያለው በመነሻው ውስጥ ነው፤ መነሻን የሚያርም ደግሞ ሌላ ምልከታ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የእህል ነጋዴ ነኝ። ከ400 ጆንያ ጤፍ ውስጥ 60ውን አስከፍቼ አየሁ፤ አሸዋ የተቀላቀለበት አንድም የለም። ሁሉም ደህና ነው ብዬ ልረከብ? (ከአዳማ)

መልስ፦ «ሁሉም ደህና ነው» ማለት አይችሉም። ሊሉ የሚችሉትን ግን በቁጥር ማስቀመጥ ይቻላል፤ የኢንዳክሽን ትልቁ ጥንካሬም እዚህ ላይ ነው፤ እርግጠኛ ባያደርግም ምን ያህል እንዳልተረጋገጡ ይነግርዎታል።

የስታትስቲክስ ባለሙያዎች የሚሠሩበት አንድ አጭር ደንብ አለ። የመረመሩት ሁሉ ደህና ከሆነ 3ን ለመረመሩት ብዛት ያካፍሉ፤ የሚያገኙት ቁጥር የብልሹው መጠን ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው፣ የ95 በመቶ መተማመኛ ይዞ። 30 ከመረመሩ ጣሪያው 10 በመቶ፣ 60 ከመረመሩ 5 በመቶ፣ 300 ከመረመሩ 1 በመቶ ነው። ምክንያቱን ለማየት ከመቶው 5ቱ ጆንያ ብልሹ ነው ብለን እንነሣ። አንድ ጆንያ በዕጣ ሲያወጡ ደህና የመሆን ዕድሉ 0.95 ነው፤ 60ዎቹም ደህና የመሆናቸው ዕድል 0.95 በራሱ 60 ጊዜ ሲባዛ፣ 4.6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህን ያህል አሸዋማ ጆንያ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ አንዱ ያጋጥመኝ ነበር ለማለት ድፍረት የሚሰጥዎ ይህ ነው።

የ400 ጆንያ 5 በመቶ 20 ጆንያ ነው፤ ክምችቱ የተወሰነ በመሆኑ ጠንቃቃው ስሌት ወደ 18 ያወርደዋል። ስለዚህ አንድም ብልሹ ሳያዩ እስከ 18 የሚደርስ አሸዋማ ጆንያ በመጋዘኑ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ይህን ኪሳራ መሸከም ከቻሉ ይረከቡ፤ ካልቻሉ ተጨማሪ ያስከፍቱ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን 60ዎቹ በዕጣ የተመረጡ ከሆኑ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ስለሆነ እንቆይበት። ሠራተኛ «አምጣ» ሲባል የሚያወርደው በበሩ በኩል ያለውን፣ ከድርድሩ አናት ላይ ያለውን ነው። የሚሸጥልዎ ሰው ይህን ያውቃል። 60 ጆንያ ከበሩ አጠገብ ቢያዩ፣ ያወቁት የበሩን አጠገብ ነው፤ 300 ቢያደርሱትም ስለ ኋላው ድርድር የሚነግርዎ የለም። ጆንያዎቹን በጠመኔ ከ1 እስከ 400 ቁጥር ይስጧቸው፤ ቁጥሮቹን በዕጣ ወይም በስልክዎ ላይ ባለ የዕጣ ማውጫ ያውጡ፤ የወጣው ቁጥር ከታች ቢሆን እንኳን ድርድሩ ይፍረስ። አድካሚ ነው፤ ዕጣው የወጣበትን ትቶ አጠገቡ ያለውን መውሰድ ግን ልፋቱን ሁሉ ከንቱ ያደርጋል።

ጆንያው ራሱም ትንሽ መጋዘን ነው። አፉ ላይ ያለው ማኛ ሆኖ ግርጌው ሌላ ሊሆን ይችላል። ከአፉ፣ ከመሐሉና ከግርጌው እፍኝ እፍኝ ወስደው ለየብቻ በሰፌድ ያንገዋልሉ፤ ከቀላቀሏቸው የግርጌው አሸዋ በአፉ ንጹሕ ጤፍ ውስጥ ይሰወራል። በመጨረሻም የጤፉን ምንጭ ይጠይቁ። 400ው ጆንያ ከአንድ አውድማ ከሆነ አንዱ ስለሌላው ይመሰክራል። ከ10 ሻጭ የተሰበሰበ ከሆነ ግን 10 የተለያየ ክምችት ነው፤ ከእያንዳንዱ 6 ጆንያ ብቻ ነው ያዩት፤ 3ን ለ6 የሚለው አጭር ደንብ በዚህ ትንሽ ቁጥር በትክክል አይሠራም፤ በጠንቃቃው ስሌት ግን የአንዱ ሻጭ ጣሪያ ከሲሶ በላይ ነው። ምንም አላወቁም ማለት ይቀላል።

አንድ ነገር እንጨምር። ከ60ዎቹ አንዱ አሸዋማ ሆኖ ቢገኝ «ሁሉም ደህና ነው» የሚለው ቃል ያኔውኑ፣ ያለምንም ምናልባት፣ ሐሰት ነው። 60 ደህና ጆንያ ቃሉን አያጸድቀውም፣ አንድ ብልሹ ጆንያ ግን ያፈርሰዋል። ማፍረሱ ዲዳክቲቭ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ በጤና ጣቢያ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። በፈጣን የወባ መመርመሪያ ነጌቲቭ የሆነ ሕመምተኛ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሐዋሲ ተገኘበት። የተማርነው ሎጂክ የት ላይ ነው የተሰበረው? (ከመተማ)

መልስ፦ ሎጂኩ አልተሰበረም፤ መነሻው ነው የተሸረፈው። ብዙዎቹ ፈጣን መመርመሪያዎች የፋልሲፓረምን መኖር የሚያውቁት ኤችአርፒ 2 የተባለውን ፕሮቲን በመፈለግ ነው። ሙግቱ እንዲህ ነው፦ ደሙ ውስጥ ፋልሲፓረም ካለ ፕሮቲኑ አለ፤ ፕሮቲኑ የለም፤ ስለዚህ ፋልሲፓረም የለም። ቅርጹ ፍጹም ጤነኛ ነው። ነገር ግን «ፋልሲፓረም ካለ ፕሮቲኑ አለ» የሚለው መነሻ የመጣው እስከዚያ የተመረመሩት ተሐዋስያን ከሞላ ጎደል ሁሉም ፕሮቲኑን ይሠሩ ስለነበር ነው። ስለ አዳማው ጤፍ እንዳልነው፣ ያልታየ ድርድር ነበረ።

እ.ኤ.አ. በ2010 በፔሩ የአማዞን አካባቢ ፕሮቲኑን የሚያሠራው ዘረመል የጎደላቸው ተሐዋስያን እንዳሉ ተዘገበ። ቀጥሎ ኤርትራ ውስጥ ችግሩ በርትቶ እ.ኤ.አ. በ2016 መመርመሪያ እስከ መቀየር አደረሰ። በአገራችንም በትግራይ፣ በአማራና በጋምቤላ እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ተደርጎ፣ በዚህ ጉድለት ምክንያት መመርመሪያው ወደ 10 በመቶ የሚጠጉ የፋልሲፓረም ሕሙማንን ሊስት እንደሚችል ተገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያው እንዲቀየር የሚመክረው ስሕተቱ 5 በመቶ ሲያልፍ ነው።

በሥራ ላይ ይህ ማለት፣ ነጌቲቭ ሲወጣ «የለም» ከማለትዎ በፊት ሙግቱ የተሸከማቸውን ያልተነገሩ መነሻዎች አንድ በአንድ ይመርምሩ። የመቆጣጠሪያው መስመር ወጥቷል? ካልወጣ ምርመራው ነጌቲቭ ሳይሆን ውድቅ ነው። ኪቱ ጊዜው አልፏል፣ ሙቀት በበዛበት ቦታ ቆይቷል? የተሐዋስያኑ ቁጥር ገና አነስተኛ ሊሆን ይችላል? ምልክቱ ወባ የሚመስል ከሆነ በማይክሮስኮፕ መድገም፣ ወይም ሌላ ፕሮቲን፣ ለምሳሌ ኤልዲኤች የሚፈልግ መመርመሪያ መጠቀም ነው።

ፖዘቲቭ ሲወጣም ያው ነው። ኤችአርፒ 2 ከተሳካ ሕክምና በኋላ ለሳምንታት በደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ባለፈው ወር የታከመ ሰው ዛሬ ፖዘቲቭ ቢሆን ፕሮቲኑ አለ እንጂ ተሐዋሲው አለ ለማለት አያበቃም። «ወባ ያለበት ያተኩሰዋል፤ ይህ ሰው ያተኩሰዋል፤ ስለዚህ ወባ ነው» የሚለው ደግሞ ከመጀመሪያው መልሳችን የዝናቡና የርጥቡ መሬት ሙግት ነው። የወባ ወቅት ሲደርስ ይህ ሙግት ማንንም ያሳስታል፤ ታይፎይድና ሳንባ ምች የሚታለፉት በዚህ መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ ምሳሌው በጣም ሲበዛ፣ ሺህም ሲደርስ፣ ኢንዳክሽን ወደ እርግጠኝነት አይለወጥም? ሌላው፣ በሒሳብ የምንማረው ማቴማቲካል ኢንዳክሽን ለምን እርግጠኛ ሆነ? (ከመቀሌ)

መልስ፦ ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ። አንድ ቁጥር በራሱ ያባዙ፣ ቁጥሩን ራሱን ይደምሩበት፣ ከዚያ 41 ይጨምሩ። ከ0 ሲጀምሩ 41፣ 43፣ 47፣ 53፣ 61፣ 71 እያለ ይሄዳል፤ ሁሉም ከ1ና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉ ናቸው። እስከ 39 ድረስ 40 ጊዜ ያለማቋረጥ ይሠራል። በ40 ላይ 1681 ይመጣል፤ 41 በ41 ሲባዛ። 40 ምስክር ቆሞ 41ኛው ካደ። በሒሳብ ውስጥ ከዚህ እጅግ ርቀው የሚፈርሱ ንድፎችም አሉ፤ ስለዚህ ሺህም ሚሊዮንም ቢሆን ምሳሌ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ማቴማቲካል ኢንዳክሽን በስሙ ብቻ ነው ኢንዳክሽን፤ በሥራው ዲዳክሽን ነው። ጎዶሎ ቁጥሮችን ከ1 ጀምረው ሲደምሩ 1፣ 4፣ 9፣ 16 ያገኛሉ። ይህን ማየት ኢንዳክሽን ነው። ከዚያ ግን «ድምሩ የአንድ ቁጥር ካሬ ላይ ከደረሰ፣ ቀጣዩ ጎዶሎ የዚያ ቁጥር እጥፍና 1 ስለሆነ፣ ሲደመር የግድ የቀጣዩን ቁጥር ካሬ ይሰጣል» ብለው ሲያሳዩ እያንዳንዱ እርምጃ የሚቀጥለውን ያስገድዳል፤ ሳይታይ የቀረ ድርድር የለም።

ጥያቄ፦ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ክረምቱን ሲተነብዩ «ተመሳሳይ ዓመታት» ይላሉ። ያለፈው ስለሚመጣው ምን ያህል ይመሰክራል? (ከወልድያ)

መልስ፦ አሠራሩ እንዲህ ነው። የዘንድሮው የባሕር ወለል ሙቀት፣ በተለይ የፓስፊኩ፣ በየትኞቹ ያለፉ ዓመታት ከነበረው ጋር እንደሚቀራረብ ይፈለጋል፤ በእነዚያ ዓመታት የዘነበው ዝናብም ለዘንድሮ መነሻ ይሆናል። ንጹሕ ኢንዳክሽን ነው፤ ጠቃሚም ነው። ኤል ኒኞ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ወለል ከመደበኛው በላይ የሚሞቅበት ሁኔታ) በበረታበት ጊዜ የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምት የመዳከም ዝንባሌ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የደረሰው ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ለዕርዳታ ዳርጓል።

ደካማ ጎኑ የምስክሮቹ ማነስ ነው። በጣም ብርቱ የሚባሉት ኤል ኒኞዎች፣ እ.ኤ.አ. የ1972፣ የ1982፣ የ1997 እና የ2015፣ በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ። ቦታውም ይለያያል፤ በ1997 የሰሜኑ ክረምት ሲዳከም በዚያው ዓመት በጥቅምትና ኅዳር ደቡብ ምሥራቁን ጎርፍ መታው። ስለዚህ ትንበያው «ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ ይህን ያህል በመቶ ነው» ብሎ ሲነገር ያንን መቶኛ ጥሎ «ዝናብ የለም ተባለ» ብሎ ማውራት ባለሙያው ያላለውን ማስባል ነው። ገበሬው የሚያስፈልገው መቶኛው ነው፤ ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ለስንቱ ጥማድ መሬት እንደሚይዝ የሚወስነው በዚያ ነው።

ያለፈው ለመጪው ይመሰክራል ወይ የሚለውን ጥያቄ ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሒዩም በ18ኛው ክፍለ ዘመን እስከ ሥሩ ቆፍሮታል። «እስከ ዛሬ መስክሯልና ወደፊትም ይመሰክራል» ብለን ብንመልስ፣ ማስረጃችን ራሱ ያለፈው ይሆናል፤ የተጠየቅነውን መልሰን መልስ አደረግነው ማለት ነው። ይህን ቋጠሮ ሁሉን ባስማማ መልኩ የፈታ የለም። ያም ሆኖ ሰው ዘር የሚዘራው በኢንዳክሽን ነው፤ ሌላ አማራጭም የለውም።

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህር ነኝ። የኒውተን ሕግ ካለን ሁሉን በስሌት ማውጣት እንችላለን፤ ታዲያ ዲዳክሽን እርግጠኛ ከሆነ ሳይንቲስቶች ለምን ወደ ቴሌስኮፑ ይመለሳሉ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ለተማሪዎችዎ ሁለት ፕላኔቶችን ጎን ለጎን ያስቀምጡላቸው፤ አንደኛው አለ፣ ሁለተኛው የለም።

ዩራነስ እ.ኤ.አ. በ1781 ከተገኘ በኋላ መንገዱ በኒውተን ሕግ ከተሰላው ያፈነግጥ ነበር። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ለቬሪየ «ሕጉ ትክክል ነው፤ መንገዱ ተዛብቷል፤ ስለዚህ የሚስበው ያልታወቀ አካል አለ» ብሎ ቦታውን አሰላ። ደብዳቤው መስከረም 23 ቀን 1846 (እ.ኤ.አ.) በርሊን ላለው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ጋለ ደረሰው፤ በዚያው ሌሊት ኔፕቲዩን ከተባለው ቦታ አንድ ዲግሪ በማይሞላ ርቀት ተገኘ።

ያው ሰው በ1859 ወደ ሜርኩሪ ዞረ። የሜርኩሪ ምህዋር ለፀሐይ የሚቀርብበት ነጥብ፣ የሌሎቹ ፕላኔቶች ስበት ሁሉ ተቆጥሮ እንኳን፣ ከስሌቱ እየቀደመ ይዞራል፤ ትርፉ ዛሬ በምናውቀው ልኬት በመቶ ዓመት 43 የቅስት ሰከንድ ነው። አንድ ዲግሪ 3600 የቅስት ሰከንድ መሆኑን ስናስብ እጅግ ጥቂት ነው። ለቬሪየ ሙግቱን ቃል በቃል ደገመው፦ ሕጉ ትክክል ነው፤ መንገዱ ተዛብቷል፤ ስለዚህ በሜርኩሪና በፀሐይ መካከል ያልታወቀ አካል አለ። ቩልካን የሚል ስም ወጣለት። አየሁ ያሉም ነበሩ፤ ፀሐይ በጨረቃ በምትጋረድበት ጊዜ እየጠበቁ ለአሥርት ዓመታት ፈለጉት። አልነበረም። በኅዳር 1915 (እ.ኤ.አ.) አይንስታይን በአዲሱ የስበት ንድፈ ሐሳቡ 43ቷን ሰከንድ ያለምንም ተጨማሪ ፕላኔት አገኛት።

ሁለቱ ሙግቶች በቅርጽ አንድ ናቸው፤ ያሰላቸውም አንድ እጅ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ መነሻው ያዘ፤ በሁለተኛው የኒውተን ሕግ ራሱ ለፀሐይ በጣም በቀረበ ቦታ ላይ የሚጎድለው ነገር ነበር። ይህን ከወረቀቱ ላይ ማወቅ አይቻልም ነበር። ስሌት ሐሰተኛ መነሻን አያጋልጥም፤ የሚያደርገው መነሻው እውነት ቢሆን የት ቦታ፣ በየትኛው ሌሊት ምን መታየት እንዳለበት በትክክል መንገር ነው። ቀሪው የቴሌስኮፑ ነው።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ ግምታቸውን የሚደግፈውን ብቻ ይፈልጋሉ። በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ መልመጃ ትነግሩኛላችሁ? (ከድሬዳዋ፣ የሥነ ዜጋ መምህርት)

መልስ፦ እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ዌሰን እ.ኤ.አ. በ1960 ይፋ ያደረገው ሙከራ ለዚህ ይመቻል፤ ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ይበቃል። ሰሌዳው ላይ 2፣ 4፣ 6 ብለው ይጻፉ። «እነዚህ ሦስት ቁጥሮች እኔ በልቤ የያዝኩትን ደንብ ይከተላሉ። እናንተ ሦስት ሦስት ቁጥር እያላችሁ ጠይቁኝ፤ አዎ ወይም አይደለም እላለሁ። ደንቡን አውቄዋለሁ ስትሉ ተናገሩ» ይበሏቸው። የያዙት ደንብ «እያደጉ የሚሄዱ ሦስት ቁጥሮች» የሚል ብቻ ይሁን፤ በወረቀት ጽፈው አጥፈው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት፣ በኋላ ቀየሩት እንዳይባል።

ብዙዎቹ 8፣ 10፣ 12 ይላሉ፤ አዎ። 20፣ 22፣ 24፤ አዎ። ሦስትና አራት ጊዜ አዎ ከሰሙ በኋላ «በ2 የሚጨምር ነው» ብለው በሙሉ ልብ ይናገራሉ። «አይደለም» ሲሏቸው ክፍሉ ይንጫጫል። ወዲያው አይግለጹላቸው። ይልቁንም ሰሌዳውን በሦስት ዓምድ ይክፈሉት፦ የተጠየቁት ቁጥሮች፣ ጠያቂው ያሰበው ደንብ፣ ጠያቂው የጠበቀው መልስ። ሦስተኛውን ዓምድ ሲያዩት ከላይ እስከ ታች «አዎ፣ አዎ፣ አዎ» ነው። ከዚያ አንድ ትእዛዝ ብቻ ይስጡ፦ የሚቀጥለው ጥያቄ ያሰባችሁት ደንብ እውነት ከሆነ «አይደለም» መባል ያለበት ይሁን። አንዱ ልጅ 1፣ 2፣ 3 ይላል፤ «አዎ» ይበሉት፤ የ2 ደንብ እዚያው ላይ ወደቀ። ሌላዋ 6፣ 4፣ 2 ትላለች፤ «አይደለም»። 5፣ 90፣ 91 እስኪመጣ ብዙ አይቆይም። 40 ደቂቃ ካለዎት የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ሳያርሙ ይተዉላቸው፤ ሦስተኛው ዓምድ በ«አዎ» ካልሞላ ልጆቹ ምን ሲያደርጉ እንደነበር በዓይናቸው የሚያዩበት ነገር አይኖራቸውም።